ግቢያችን ውስጥ የቀበርኩት ጭድ

ጭድ ቀብሮ የተለቀሰለት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ማለቴ፣ የተለቀሰው ለጭዱ ነው። ይኸው፣ ገና ስጀምር ተደናቀፍኩ። አማርኛ ያስተምረን የነበረው መምህር «አንተ ስትናገር በጨለማ ደረጃ የሚወርድ ሰው ትመስለኛለህ፤ እያንዳንዱን እግርህን ትፈትሻለህ» ይለኝ ነበር። አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥቡ ያልመጣልኝም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ፈተናው ሲያልቅ እኔ ገና ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነበርኩ። ይሁን። እየፈተሽኩም ቢሆን እነግራችኋለሁ።

የሆነው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኛ ግቢ ውስጥ ነው። የበልጉ ዝናብ የቀረበትና ታላቅ ወንድሜ ይመር የሞተበት ዓመት ነው። ለሰፈሩ ሰው የበልግ መቅረት ይበልጥ ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

ይመር ኮምቦልቻ፣ የከብት መኖ የሚሞከርበት አንድ ግቢ ውስጥ ይሠራ ነበር። ባለሙያ አልነበረም። ለባለሙያዎቹ ጭድ የሚሸከም ነበር። ሸክም ግን ጀርባን ይይዛል እንጂ ጆሮን አይዘጋም። የሰማውን ሁሉ በአንድ ደብተር ይጽፋል፤ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ስለ ጭድ ይጀምራል።

«እማየ፣ ጭድ ማለት የተቆለፈ ሳጥን ነው» ይላታል እናቴን። «ምግቡ ውስጡ አለ፤ ላሟ ግን ቁልፍ የላትም። ቁልፉ በዓይን የማይታዩት ናቸው። ጭዱ ላይ ትረጪያቸዋለሽ፣ ሞላሰስ፣ ያን የስኳር አተላ፣ ታቀምሻቸዋለሽ፣ አየር ትከለክያቸዋለሽ። ሃያ አንድ ቀን ጭዱን እየበሉ ይባዛሉ። ከዚያ ላሟ ጭዱንም እነሱንም ትበላለች። ሥጋና ወተት የሚሆናት እሱ ነው።»

«በዓይን የማይታዩት እነማን ናቸው?»

«ታውቂያቸዋለሽ እማየ።»

«ቢስሚላሂ! ጂን ነው የምታመጣብኝ?»

«ጂን አይደሉም። ጀርም ናቸው።»

እናቴ ከጂኑ ይልቅ በጀርሙ ደነገጠች። ጂንስ ቢሆን ዱዓ አለው። «የቀበሌ ልጆች ጀርም ይገድላል እያሉ በሳሙና እጃችንን ሲያሳጥቡን ይውላሉ፤ አንተ ለላሜ ልታበላብኝ?»

ሰፈሩ «ጭድ አብሳዩ» የሚል ስም አወጣለት። ሰላምታው ሁሉ «እንዴት ነው፣ በሰለ?» ሆነ። ይመር ይስቅ ነበር። እኔ ግን እናደድ ነበር፤ የሚያናድደኝም መቀለዳቸው ሳይሆን እኔም አብሬ መቀለዴ ነው።

ከዚያ ታመመ። አሥር ቀን። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ ስጀምር እጄ ይቆማል። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰፈራችን ቅሬ፣ ከእድሩ ማለቴ ነው፣ ወንዶች ጋር ሆኜ መቃብሩን ቆፈርኩ። በሕይወቴ ጉድጓድ ስቆፍር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የተወልን ነገር አንዲት ዳልቻ ላም፣ ደብተሩና አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው። እኔንም ትቷል፤ ግን እኔን ማንም ከንብረት አልቆጠረኝም። ጀሪካኑ ውስጥ «ዘሩ» ነበር፤ እነዚያ የማይታዩት የሚኖሩበት ኮምጣጣ ውሃ። ላሟን ከጥጃነቷ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ስሟም ዳልቻ ነው። ስም ማውጣት ላይ ሰፈሩ ይበልጠናል።

በሰባተኛው ቀን አጎቴ አያ ሰይድ ድንኳኑ ውስጥ ተነሥተው ተናገሩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። እውነት ሲናገሩ ግን አያለሰልሱትም።

«ዘሀራ፣ ስሚኝ» አሏት እናቴን። «በልጉ ቀርቷል። ሣር የለም። ያለሽ ደረቅ ጭድ ነው። የላሚቱ ጎድን ከዚህ ሆኜ ይቆጠርልኛል። ክረምት አትደርስም። ጅብ ከሚበላት ለልጁ ሰደቃ ትሁን። በአርባው እንረዳት።»

ድንኳኑ ሁሉ «አሚን» አለ። እኔም አሚን ብያለሁ። የብዙ ሰው አፍ ሲከፈት የኔም ሳላዘው አብሮ ይከፈታል።

ወጥቼ ዳልቻን አየኋት። ጭዷን ታኝካለች፤ ታኝካለች፤ ስትውጠው ምንም እንዳልዋጠች ሁሉ ወደኔ ታያለች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እሷ ከታረደች የይመር ነገር አለቀ። ሰው ጭድ አብሳዩን የሚያስታውሰው በሚገማ ጀሪካን ይሆናል። እሱ የተናገረው እውነት ይሁን ውሸት የሚታወቀው በዚህች ላም ሆድ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በሆዷ ላይ አሚን ብዬ መጣሁ።

በማግሥቱ አያ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ።

«አያ፣ ይመር እንዳለው ጭዱን አብላልቼ ልሞክር።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ? ውሃ ጥደህ የምታሳርረው?»

«ደብተሩ አለ።»

ጢማቸውን ያዙ። «እሺ። እስከ አርባው ጊዜ አለህ። ላሚቱ ያን ጭድ ስትበላ በዓይኔ ካየሁ ወላሂ አላርዳትም። ካልበላች ግን ስትታረድ ገመዱን የምትይዘው አንተ ነህ።»

ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሮጬ ስደርስ ጀሪካኑ ታጥቦ ተገልብጧል።

ያጠበችው ጎረቤታችን እማማ አስካለ ናት። ክርስቲያን ናት፤ ለቅሶው ከመጣብን ጀምሮ ከእናቴ ጎን አልተለየችም፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ዕቃ ታጥባለች። «አይ ልጄ፣ ምኑ ሞቶ እንደነበር እንጃ!» አለችኝ። «በአመድ ሦስቴ፣ በሎሚ ሁለቴ አጥቤ አጠራሁላችሁ። ለለቅሶተኛው የሚጠጣ ቃሪቦ እንሞላበታለን።» ይመር ለወራት ሲቀልባቸው የኖሩት ነፍሶች በአንድ ባልዲ አመድ አለቁ። ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አልኳት። ለቅሶ ቤት ውስጥ ከምስጋና ሌላ ቃል የለም።

ስለዚህ ለአዲስ ዘር ኮምቦልቻ መውረድ ነበረብኝ። የይመር የሥራ ጓደኛ ደረቴ ላይ ትንሽ አለቀሰና አንድ ጀሪካን ሙሉ ሰጠኝ። ሲሸኘኝም «ክዳኑን አጥብቀህ እንዳትዘጋው፤ ይተነፍሳሉ» አለኝ። በዚያ ሰሞን ሰው ከሚነግረኝ ነገር የምሰማው መሐል መሐሉን ብቻ ነበር። «ክዳኑን አጥብቀህ» የሚለውን ሰማሁ። አጠበቅኩት።

ሚኒባሱ ሐረጎን መውጣት ሲጀምር ጀሪካኑ እግሮቼ መሐል ሆኖ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ የጉልበቴ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ የደረሰች እርጉዝ መስሏል። ሦስተኛው ላይ «ዷ!» አለ።

«ጎማ!» አለ ሾፌሩ፤ ፍሬኑን ያዘ። ክዳኑ ጣሪያውን መትቶ ተመልሷል፤ አረፋው ከፊቴ የተቀመጠውን ባለ ኮት ሰውየ ከአንገቱ እስከ ወገቡ አልብሶታል።

ረዳቱ አሸተተና «ኧረ ጠላ ነው!» አለ።

አጠገቤ የነበሩ ባለ ጥምጥም ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩብኝ። «አስተግፊሩላህ! የማን ልጅ ነህ አንተ? የእስላም ልጅ ሆነህ በጠራራ ፀሐይ ጠላ ታዞራለህ?»

«ጠላ አይደለም አባባ» አልኩ ተጣድፌ። «ጀርም ነው።»

ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ጠላ ነው በሉ። ለጎማው ያልወረደ ተሳፋሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሩ ላይ ተጣበቀ። አንዷ በመስኮት ወጣች። ባለ ኮቱ መንገድ ዳር ቆሞ ኮቱን ሲያወልቅ «ልጆች አሉኝ! ልጆች አሉኝ!» ይላል። እኔ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁና ሌላ የምለው ሳጣ «ወንድሜ ሞቶ ነው» አልኩ።

ምኑም ከምኑ አይገናኝም። ሽማግሌው ግን ተመልሰው ገቡ፤ አጠገቤ ተቀመጡ። «አላህ ይርሀመው። አብሽር፣ አይዞህ ልጄ» አሉና ጀሪካኑን በዓይናቸው ጥግ እያዩ እግራቸውን ሰበሰቡ። ረዳቱ መስኮት አጠገብ አስቀመጠኝ። ደሴ እስክንገባ ድረስ የጀሪካኑን አፍ በአውራ ጣቴ እየከፈትኩ እየዘጋሁ አስተነፈስኳቸው። የይመርን ትንፋሽ በመጨረሻ ሰሞን እንዲሁ ስቆጥር ነበር። ይቅር፤ ይኼን ልተወው።

ይመር በሞተ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጭዱ የሚብላላበትን ጉድጓድ ቆፍሬ ጨረስኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ላስቲክ ዘረጋሁ። ጭዱን በሞላሰስና በዘሩ እያራስኩ፣ እየረገጥኩ ሞላሁት፤ በላስቲክ ሸፍኜ አፈር መለስኩበት። ላስቲኩን ነፋስ እንዳያነሣው በወዲያና በወዲህ ጫፉ ድንጋይ አቆምኩ። ላቤን ጠርጌ ሥራዬን አየሁ። አኮራኝ።

እናቴ ሰሐን ይዛ ወጣች። ሰሐኑ ወደቀ።

«አንተየ... ማንን ነው የቀበርከው?»

«ጭድ ነው እማየ።»

«ማንን እንደሚያህል አላየህም?»

ያን ጊዜ አየሁት። ርዝመቱ፣ ወርዱ፣ የጉብታው አነሣሥ፣ ራስጌና ግርጌ የቆሙት ድንጋዮች፣ አቅጣጫው ሳይቀር። ከዚያ በፊት የቆፈርኩት ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው ብያችኋለሁ። እጄ የተማረውን ደገመው። ድንጋዮቹን አንሥቼ ሞከርኩ፤ ነፋሱ ላስቲኩን እንደ ነጠላ አነሣው። መለስኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ግቢያችን ሌላ ሆነ። በአጥር ላይ አይቶ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከመስጊድ የሚመለስ አንድ ጎረቤት ቆሞ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ ጭድ መሆኑን ስነግረው ተቆጣኝ፤ ዱዓው አይመለስማ። እማማ አስካለ ውሃ ልትቀዳ ባለፈች ቁጥር ታማትባለች። «ጭድ መሆኑን አውቃለሁ» ትላለች፤ «ግን እጄ እንቢ አለኝ።»

ይኼ ሁሉ ባልከፋ። አክስታችን ዘምዘም መጣች።

አክስቴ ገራዶ ነው የምትኖረው። ይመር ሲሞት እሷም ታማ ተኝታ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሰችም። ጭዱ በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ሁለት ጎረቤቶቿ ግራና ቀኝ ደግፈው አመጧት። የግቢያችን በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ቤቱ አይደለም፤ ጉብታው ነው።

«ወየው ይመርየ! ከደጅህ አስተኙህ?» አለችና የደገፏትን ጥላ ተደፋችበት።

«አክስቴ፣ ጭድ...» ብዬ አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዝም በል» አለችኝ በሹክሹክታ። «መቃብሩ ሩቅ ነው፤ በዚህ እግሯ አትደርስም። እዚሁ ይውጣላት።»

ከዚያ እናቴ ራሷ ሄዳ ጉብታው ዳር ተቀመጠች። ሁለቱ ሴቶችም ተቀመጡ። አክስቴ ጀመረች፦

«የኮምቦልቻ ፀሐይ ያጠቆረው ፊቱ፣
ምነው በደሴ ብርድ ዝም አለ አንደበቱ?»

እያለቀሰች ጉብታውን በሁለት ቡጢዋ ትደቃዋለች። ደብተሩ «በደንብ ተጠቅጥቆ አየሩ ይውጣ» ይላል። እኔ ግማሽ ቀን ረግጬ ያላወጣሁትን አየር አክስቴ ዘምዘም በለቅሶ አወጣችው። እኔ ዳር ቆሜ፣ ይቅር በሉኝ፣ «ትንሽ ወደ ግርጌው» ብላት ብዬ አስብ ነበር።

ያን ጊዜ ጉብታው ተነፈሰ።

ላስቲኩ በአንድ ጎኑ እብጥ አለና «እፍፍፍ...» አለ። ቀጥሎ ከሥር የሆነ ነገር «ቡልቅ» አለ። የአክስቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጉብታው እንደገና «እፍፍፍ» አለ።

«አለ!» አለች አክስቴ። «ወላሂ አለ! ልጁን ከነነፍሱ ነው የቀበራችሁት! ቆፍሩ! ምን ታዩኛላችሁ፣ ቆፍሩ!»

አልዋሽም። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ጭዱን የረገጥኩት እኔ ነኝ። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔም ግን አንድ የዓይን ጥቅሻ ለምታህል ጊዜ አካፋውን ፈለግኩ።

አክስቴ አካፋ አልጠበቀችም። አፈሩን በጥፍሯ ጫረች፣ ላስቲኩን ቀደደች፣ እጇን እስከ ክንዷ ሰደደች። ሞቅ ያለ ርጥብ ጭድ ይዛ አወጣች። አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጭድ ነው አክስቴ።»

«ይመርስ?»

«ይመር... መቃብር ነው።»

ጭዱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ እንደሚሰበር ነገር። አልጮኸችም። ከዚያ በፊት የነበረው ለቅሶ ከዚህ ዝምታ በጣም ይሻል ነበር። ለሷ እኔ ነኝ ሁለተኛ ጊዜ የገደልኩት።

አያ ሰይድ ወሬውን ከአሱር ሶላት በፊት ሰምተው ነበር። ከሶላት በኋላ በከዘራቸው በሩን መትተው ገቡ። «ቤታችንን የሰፈር መቀለጃ አደረግከው! የታመመች ሴት በጭድ ላይ ታስለቅሳለህ? ቅሬው ምን ይለናል? አሁኑኑ አፍርሰው!»

«አያ፣ አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረው።»

«አሥራ ሁለት ደቂቃም አይቀረው!» ከዘራውን ጉብታው ውስጥ ሊወጉ አነሡት።

«ተዉ አያ» አለች እናቴ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ለልጁ ቃል ሰጥተዋል። ወላሂ ብለዋል።»

ከዘራው ቀስ ብሎ ወረደ። «ብያለሁ» አሉ። «ምን ላድርግ፣ ብያለሁ።» የተቀደደውን ላስቲክ በጭቃ ደፈንኩት። የገባው አየር ግን ገብቷል።

በሃያ አንደኛው ቀን ተከፈተ። ለአርባው አራት ቀን ቀርቶታል። አያ ሰይድ፣ ሁለት የቅሬ ሽማግሌዎች፣ እናቴና አፍንጫዋን በነጠላ የያዘች እማማ አስካለ ከበው ቆሙ። ላስቲኩን ገለጥኩ። ከላይ ያለው ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ የድመት ጠጉር የመሰለ ነገር አብቅሏል። ሽማግሌዎቹ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። በእጄ ጠርጌ ወደ ታች ዘለቅኩ። ከክንድ በታች ያለው ግን ወርቅማ ቢጫ ነው። ሽታው የበሰለ የዘይቱን ፍሬ ሽታ ነው፤ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። ደብተሩ ላይ ይመር «እንዲህ ከሸተተ ተሳክቷል» ብሎ ከሥሩ ሁለቴ አስምሮበታል።

በቅርጫት ሙሉ ይዤ ለዳልቻ አቀረብኩላት። አፍንጫዋን አስጠጋች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ዳልቻ አነጠሰች። ዞር አለችና የአያ ሰይድን ጋቢ ጫፍ አፏ ውስጥ አስገብታ ማኘክ ጀመረች።

«እዩልኝ እንግዲህ!» አሉ አያ ሰይድ ጋቢያቸውን እየጎተቱ። «ከጀርሙ የኔን ጋቢ መረጠች!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይመር ከሞተ ወዲህ በግቢያችን የተሰማ የመጀመሪያ ሳቅ ነው። የተሳቀው በኛ ነው፤ በኔና በይመር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ከቅርጫቱ እፍኝ ዘግኜ እኔው ጎረስኩት። «ኧረ ይጣፍጣል!» አልኩ እያኘክሁ። «እዩ፣ ይጣፍጣል!» አይጣፍጥም። ሎሚ ውስጥ የተነከረ ጆንያ በሉት። ግን ዋጥኩት፤ እንባ እስኪመጣኝ ዋጥኩት።

እናቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «አንዱን አፈር በላው፤ አንዱ ጭድ ይበላል። ያረቢ፣ ምን በድዬህ ነው?»

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አያ ሰይድ «ሐሙስ አርባው ነው፤ ጧት እመጣለሁ» ብቻ ብለው ወጡ።

የደብተሩን ቀጣይ ገጽ ያነበብኩት ያን ዕለት ነው። ለምን ቀድመህ አላነበብክም አትበሉኝ። የሱን ጽሑፍ በቀን ከአንድ ገጽ በላይ አልችልም ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ከብቱ መጀመሪያ አይበላም፤ አዲስ ነገር ነው። አናፍሱት። ከለመደው ጋር እፍኝ እፍኝ ቀላቅሉ። ጨው ነስንሱ። አትቸኩሉ።» አትቸኩሉ ይላል፤ አራት ቀን አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ዳልቻ ጨዉን ልሳ ጭዱን አጥባ ተወችልኝ። በሁለተኛው ቀን ደረቁን ከርጥቡ ለይታ፣ እናቴ ከምስር ጠጠር እንደምትለቅመው፣ አንዲት ርጥብ ሰበዝ ሳትነካ ደረቁን ጨረሰች። በሦስተኛው ቀን ቅርጫቱን ገለበጠችና ተኛችበት። ሞቅ ስለሚል ሳይመቻት አልቀረም። አጠገቧ ተቀምጬ ለመንኳት። ልመና ስጀምር እንኳ ተንተባተብኩ። «እባክሽ... ማለቴ፣ ለኔ ሳይሆን...» ጆሮዋን አራገበች።

ሐሙስ ጧት አያ ሰይድ ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ። ቢላው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ገመዱ ትከሻቸው ላይ ነው። ገመዱን አወረዱና ሰጡኝ። ቃል ቃል ነው፤ ተቀበልኳቸው። እናቴ ቤት ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

ችግሩ ዳልቻ አልያዝ አለች። ይመር በገመድ አስሯት አያውቅም። በጠጋኋት ቁጥር ጉብታውን ትዞራለች፤ እኔም እዞራለሁ፤ ሁለቱ ሰዎችም ይዞራሉ። ሦስት ዙር ዞርን። አንደኛው ሰውየ አንሸራቶት ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ።

«ቁሙ፣ እናንተ አህዮች!» አሉ አያ ሰይድ። «ላም በሩጫ አይያዝም፤ በእፍኝ ነው።» ጎንበስ አሉና ከቅርጫቱ ያገኙትን፣ ያንኑ የተናቀ ጭድ፣ በመዳፋቸው ዘገኑ። «ነይ ዳልቻ፤ ነይ የኔ እመቤት። አንተ፣ አፏን ወደዚህ ስታመጣ ገመዱን ጣል።»

ዳልቻ ቆመች። አየቻቸው። አንገቷን ዘረጋች። ገመዱን አነሣሁ።

በላች።

ገመዱ እጄ ላይ ቀረ። ከመዳፋቸው ላይ ያለውን በሙሉ በላች፣ መዳፋቸውን ላሰች፣ የጣቶቻቸውን መሐል ላሰች። ከዚያ አያ ሰይድን በግንባሯ ገፋ አድርጋ አልፋቸው ሄደችና አፏን ቅርጫቱ ውስጥ ከተተች። የማኘኳ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አያ ሰይድ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ያ አላህ...» አሉ።

እኔ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ገመዱን ጣልኩና ፊቴን ወደ ቤቱ አዙሬ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ አንዴም ሳልንተባተብ ጮኽኩ።

«ይመር! ና ውጣ፣ በላችልህ!»

በሩ ተከፈተ። እናቴ ናት የወጣችው።

በሩን አየሁ፤ ከእናቴ ኋላ ሌላ ሰው ይወጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቅኩ። አልወጣም። መቃብሩን የቆፈርኩ ሰው፣ አርባ ቀን ድንኳን ውስጥ «አላህ ያጽናችሁ» ሲባል «አሚን» ስል የከረምኩ ሰው፣ ሞቱ ያን ጧት ነው የገባኝ። እዚያው ከዳልቻ ቅርጫት አጠገብ ተቀመጥኩ።

አያ ሰይድ «ሂድ» አሉት እስከ ጉልበቱ ጭድ የሆነውን ሰውየ፣ ድምፃቸው ወፍሮ። «ከቤቴ ሙክቱን ለሰደቃው አምጣ። ሰው ሳይመጣ ፍጠን።» ቢላውን ከነጨርቁ ለሌላው ሰጡት። ከዚያ ወደኔ መጥተው መዳፋቸውን ራሴ ላይ አኖሩት።

«አብሽር» አሉኝ።

መዳፋቸው በላም ምራቅ የራሰ ነበር፤ ዘይቱን ዘይቱን ይሸታል። እንዲያነሡት አልፈለግኩም።